የሬሳ ሳጥን የማይዘነብልበት በር

ማርች 4፣ 1927፣ ዓርብ

ሰጡት። ለኮርብሊ ሰጡት።

የናባው ተራራ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የሕንፃ ኮሚቴ ትናንት ተሰብስቦ፣ አዲሱን ቤተ ክርስቲያን ነጩ አርክቴክት ሚስተር ኮርብሊ ይንደፈው ብሎ ወሰነ። እኔ የተጠመቅሁበት፣ አባቴ የተሸኘበት፣ እናቴ ሃምሳ ዓመት ሙሉ የፊት ወንበር ላይ የተቀመጠችበት ቤት ነው። ሳቫና ውስጥ ፈቃድ ያለው ጥቁር አርክቴክት እኔ ብቻ ነኝ፤ ከእኔ በፊትም አልነበረም። ለፈቃዱ ስፈተን ከነጮቹ ጋር አንድ ክፍል አይቀመጥም ብለው ኮሪደር ላይ፣ መጥረጊያና ባልዲ ከሚቀመጥበት ጥግ አስቀመጡኝ። እዚያው ሆኜ አንደኛ ወጣሁ።

ዲያቆን ፕሬሎ ራሱ ነው የነገረኝ፣ ፀጉር ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ ጥሎ።

«ወንድም ላይሳንደር፣ እንዳትቀየመን። ይሄ የእግዚአብሔር ቤት ነው። መለማመጃ አይደለም።»

መለማመጃ! አሥራ ስድስት ዓመት ሠርቼ! ሁለት ትምህርት ቤት፣ የዕድሩን ቢሮ፣ የማኅበሩን አዳራሽ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ሴፕቴምበር ዐውሎ ነፋሱ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ገንጥሎ ሲጥል ከእኔ ሕንፃዎች አንዲት ቆርቆሮ አልተነቀለችም። ፕሬሎ ራሱ ያን ሌሊት ልጆቹን ይዞ የተጠለለው የት ሆነና? እኔ የሠራሁት አዳራሽ ውስጥ።

በሰፈራችን «የነጭ ሰው በረዶ ይበልጥ ይቀዘቅዛል» ይባላል። ጥቁሩ በረዶ ሻጭ በሩ ላይ ቆሞ እየለመነው፣ ከተማውን አቋርጦ ከነጩ የሚገዛው ሰው ላይ ነው የሚቀለደው። እኔም ስቄበት አውቃለሁ። ዛሬ ግን ደሜ ፈላ።

ማርች 6፣ እሑድ

ከስብከት በኋላ እማ ደረጃው ላይ ቆማ ለሴቶቹ ታወራለች። «የአዲሱን ቤት ፕላን የሚያወጣው ልጄ ነው። ማን ሊሆን ኖሯል?» ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷም አላረመቻት።

እኔም አላረምኳት። ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ነገ እነግራታለሁ።

ማርች 9

አልነገርኳትም። የታችኛው መንጋጋዬ ላይ አንድ ጥርስ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ጥርሴን ነክሼ እንዳልችለው የሚያመኝ ራሱ ጥርሴ ነው።

ባለቤቴ ኦዴሳ «ዶክተር ረፊን ጋ ሂድ» ትላለች። ረፊን እኮ ከኮሚቴው አምስት ሰዎች አንዱ ነው! መከራዬ ሁሉ ጥርስ ሐኪም ሆኖ መጣ። አልሄድም።

ማርች 15

ኮርብሊ አስጠራኝ። እንደ ወትሮው በጓሮ በር፣ በከሰሉ ማከማቻ በኩል ገባሁ። አራት ዓመት እንዲህ ነው፤ እኔ እነድፋለሁ፣ እሱ ስሙን ያኖርበታል። የዳኛው የባሕር ዳር ቤት የእኔ ነው። ባንኩ አዳራሽ ውስጥ ሰው አንጋጦ የሚያየው ጣሪያም የእኔ ነው፤ እኔ ራሴ በዚያ ባንክ የፊት በር ገብቼ አላየሁትም። ለማንም ላልናገር በወረቀት ፈርሜለታለሁ።

«ላይሳንደር፣ አንድ ሥራ መጥቶልኛል» አለኝ፣ እግሩን ጠረጴዛ ላይ ሰቅሎ። «የናንተው ሰዎች ናቸው። የነሱን ነገር እኔ የት አውቄ? እየዘለላችሁ ነው አሉ የምትዘምሩት። ወለሉን ጠንከር አድርግልኝ እንግዲህ።»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምን ነበር የሚያስቀኝ?

«የቱ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ሚስተር ኮርብሊ?» አልኩት፣ እያወቅሁ።

ከወረቀቱ አነበበልኝ። የናባው ተራራ።

ማርች 17

እሺ አልኩት።

ምክንያቱን ልጻፈው። አንደኛ፣ ኦዴሳና ልጆቼ ይበሉ ዘንድ። ሁለተኛ፣ ኮርብሊ ለሌላ ቢሰጠው የእማ ቤተ ክርስቲያን የእህል መጋዘን ሆኖ ይወጣል።

ይኼ እውነት ነው። ግን ሌላም አለ፤ እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ? ይዩት! ያድንቁት! «የነጭ እጅ እንዲህ ነው» እያሉ ይስገዱለት። ጣሪያው ገብቶ፣ መስታወቱ ተገጥሞ፣ ሊያፈርሱት የማይችሉበት ቀን ሲደርስ፣ በምረቃው ዕለት ተነሥቼ «የሳልኩት እኔ ነኝ» እላለሁ። ለኮርብሊ የፈረምኩትን ያን ጊዜ ራሱ ይቅደደው። የፕሬሎን ፊት ማየት ነው የምፈልገው።

ለኦዴሳ ነገርኳት። ልብስ እያጠፈች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

«አንተ ሰውዬ፣ የምትሠራው ቤተ ክርስቲያን ነው ወይስ ወጥመድ?»

ሴት ምን ይገባታል ብዬ ወጣሁ። አሁን ግን ነገሩ ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

የጎን በሩን ዛሬ ሳልኩት። ከሁሉ በፊት እሱን። አሮጌው ቤት መግቢያው ላይ ጠባብ መታጠፊያ አለ፤ የሬሳ ሳጥን እዚያ ሲደርስ ካልተዘነበለ አይወጣም። አባቴን ስናወጣ ሳጥኑን አንድ ወገን ከፍ ሲያደርጉት አባቴ ውስጡ ተንሸራተተና ጭንቅላቱ ግጭ ሲል ተሰማ። እማ ከኋላ ነበረች። «አመመው» አለች። ሌላ ምንም አልተናገረችም። ከዚያ ወዲህ ሰው በሞተ ቁጥር ዓይኗ ከቄሱ ሳይሆን ከዚያች ጥግ ላይ ነው።

የእኔው በር ከመሠዊያው ትይዩ ወደ ጎን ቀጥ ብሎ ይወጣል። ስድስት ተሸካሚ፣ በየጎኑ ሦስት ሦስት ሆኖ፣ ሳጥኑን ሳያዘነብል ያልፍበታል። ደረጃው ዝቅ ዝቅ ያለ ነው፣ ለአሮጊት ጉልበት።

ማርች 29

ጊዜ የለም። ቀን የኮርብሊ፣ ማታ የራሴ ሥራ። መስኮቶቹን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ። ጉንጬ አብጧል። እማ «ኮሚቴው አመሰገነህ?» አለችኝ። «እየሠራሁ ነው» አልኳት። ውሸት አልተናገርኩም።

ኤፕሪል 5

ጥርሱ ተነቀለ። መሀል ከተማ ያለው ነጩ ሐኪም ጋ ሄድኩ። በጓሮ አስገቡኝ፤ ነጮቹ ተስተናግደው እስኪያልቁ ሦስት ሰዓት ዕቃ ቤት ውስጥ ቆምኩ፤ ወንበር አልነበረም። ማደንዘዣው ሳይሠራ ጎተተው። «የናንተ አጥንት ጠንካራ ነው» አለኝ።

ጥቁሩ ጥርስ ሐኪም ረፊን ከቤቴ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው ያለው። ግን እኔን የናቀ እጅ አፌ ውስጥ አይገባም። ደግሞ መንጋጋ ቀልድ አይደለም። መለማመጃ አይሆንም።

ኤፕሪል 12

አስረከብኩ። ኮርብሊ ትልቁን ስዕል ግድግዳ ላይ አስደግፎ ከላይ እስከ ታች አየው። ከዚያ «በጆርጂያ ምድር ካሉት እጆች ሁሉ ያንተን የሚያህል የለም» አለኝ። ደስ አለኝ። የተጻፈ ይሁን፣ ደስ አለኝ። ወዲያው ብዕር አንሥቶ ጥጉ ላይ ስሙን ጻፈ።

ከሰዓት በኋላ ቦታውን ለማየት ሄድን። እሱ በመኪና፣ እኔ ጥቅሉን ተሸክሜ በእግር። እንደ ተላላኪ። ፕሬሎ እዚያ ቆሞ ነበር፤ ባርኔጣውን አውልቆ ለኮርብሊ ሰገደና ወደ እኔ ዞሮ ጥርሱን ብልጭ አደረገ።

«ጎሽ ወንድም ላይሳንደር! ሚስተር ኮርብሊ ሥራ ሰጡህ? በል ዓይንህን ገልጠህ ተማር። ከትልቅ ሰው ሥር ነህ!»

ጥቅሉን አናቱ ላይ ብሰብረው ደስ ባለኝ። ግን የእኔው ሥራ ነውና ሳሳሁለት።

«እማራለሁ፣ ዲያቆን» አልኩት። ሳቅ፣ ዲያቆን። ሳቅ፣ ቀንህ እስኪደርስ።

ኤፕሪል 24፣ እሑድ



ዛሬ ከስብከት በፊት ስዕሉን ከምስባኩ ጎን አቆሙት። ጨርቁ ሲነሣ ቤቱ በሙሉ «ኦ!» አለ። ፓስተሩ አለቀሱ። ፕሬሎ በዘንጉ እየጠቆመ ያስረዳል፤ መስኮቱን እንደ በር፣ በሩን እንደ መስኮት። «አያችሁ፣ ወገኖቼ? እንዲህ ነው የተማረ እጅ!» እኔ አምስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ በውስጤ እስቃለሁ። እንዲህ ደስ ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

እማ ከወንበሯ ተነሣች። ዱላዋን ተደግፋ ስዕሉ ድረስ ሄደች። ማንበብ አትችልም፤ ጥጉ ላይ የማን ስም እንዳለ አታውቅም። ጣቷን በጎን በሩ ላይ አድርጋ ቆየች።

«ይሄ የላይሳንደር እጅ ነው» አለች። «የልጄ ነው ይሄ።»

ፕሬሎ እንደ ሕፃን አባበላት። «እናት ታማር፣ የሚስተር ኮርብሊ ነው። የትልቁ አርክቴክት።»

«የትኛው ኮርብሊ? ያ ነጭ ሰው የባሌ ራስ እዚያች ጥግ ላይ እንደተመታ የት አውቆ ነው በሩን ቀጥ ያደረገው?» ዞር አለችና በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ፈለገችኝ። «ላይሳንደር። ንገራቸው።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ጉልበቴን አየሁ። ጫማዬን አየሁ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሌላው «ምን ታድርግ፣ እናት ናት» አለ። እማ ትንሽ ጠበቀች፤ ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች። ስትመለስ ዱላ እንደሌላት ሁሉ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ደግፈዋት ነበር።

ኤፕሪል 25

ወረቀት ፈርሜያለሁ። ብናገር ኮርብሊ በፍርድ ቤት ያስጨርሰኛል። ልጆች አሉኝ። ምን ማድረግ ነበረብኝ?

ኦዴሳ ከትናንት ጀምሮ አላናገረችኝም። እራት አቅርባ ሌላ ክፍል ገባች።

ወረቀቱ አይደለም። እሱን ራሴ አውቀዋለሁ። ገና አልደረሰም ብዬ ነው። ጣሪያው አልገባም፤ ድግሴ አልበሰለም።

ኤፕሪል 28

የኮርብሊ ወጥ ሠሪ የናባው ተራራ ምእመን ናት፤ ወሬው ቤቱ ገባ። ዛሬ ቢሮው ስደርስ እንደ ቲማቲም ቀልቷል።

«ያቺ አሮጊት እናትህ ናት? እኔን በሕዝብ ፊት ሌባ አለችኝ እኮ! ወይ ቤተ ክርስቲያናችሁ ያስተካክላታል፣ ወይ ሥራውን እጥልላቸዋለሁ። ለነሱም ልኬባቸዋለሁ። አንተም አፍህን ያዝ።»

ፊቱ ላይ ያየሁት ንዴት ብቻ አልነበረም። ፈርቷል። የእኔን እናት ፈርቷል! ይኼን በማየቴ ደስ ሊለኝ ሲል፣ ማታ ፕሬሎ እማ ቤት መሄዱን ሰማሁ። የሄደውም ይህን ሊነግራት ነው፦ ረቡዕ በቤተ ክርስቲያኑ ወርሃዊ ጉባኤ ተነሥታ በሐሰት መመስከሯን ታምናለች፣ ይቅርታ ትለምናለች። እምቢ ካለች ከእናቶች ወንበር፣ ለተከበሩ አሮጊቶች ከተለየው የፊት ወንበር፣ ትነሣለች። በእኛ ቤት ሥርዓቱ ይኼ ነው፤ የሰከረም፣ የተጣላም፣ የዋሸም ጉባኤ ፊት ቆሞ ይለምናል። ዕድሜዋን ሙሉ እዚያ የቆመውን ሁሉ እጇን እያነሣች ይቅር ስትል የኖረች ሴት ናት።

ውሻ! ደጇ ድረስ ሄዶ ነገራት! እሷም አስቀምጣ አብልታ ሸኘችው አሉ።

ሜይ 1፣ እሑድ

እማ አልመጣችም። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ዶክተር ረፊን ተከተለኝ።

«ጉንጭህ ጎደለ። ማን ነቀለልህ?»

«ራሱ ወለቀ።»

«ራሱ?» ሳቀ፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም። «መሀል ከተማ ያለው ሰውዬ ዘንድ ታይተሃል። ለመሆኑ በረዶው ቀዘቀዘልህ?»

 እልህ ይዞኝ «አንተስ ድምፅህን ለማን ሰጠህ?» አልኩት።

«አንድ ድምፅ ነበር ለአንተ የተሰጠው። ፕሬሎ አልነገረህም? የኔ ነበር።» ባርኔጣውን ደፋ። «ያ በር ደግሞ ያንተ ነው። እኔም አባትህን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ እኮ።»

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች፤ እናቴ ስንት ጊዜ ነግራኛለች። ሳልወድ በግድ እየገባኝ ነው። ግን እልሁ አልለቀቀኝም፤ አሁንም ስጽፍ በማን እንደተናደድኩ አልለየሁም።

ሜይ 3

እማ ቤት ሄድኩ። ነጩን ቀሚሷን እየተኮሰች ነበር፤ ለነገ። የሰው ልብስ አጥባ ነው ያስተማረችኝ፤ ካውያ ስትይዝ አይናገሯትም።

ካውያውን አስቀመጠች። «የሳልከው አንተ ነህ፣ አይደል?»

«አዎ፣ እማ።»

«ታዲያ ያን ቀን ምን ዘጋህ? የነቀሉት ጥርስህን መስሎኝ፣ ለካ ምላስህንም ወስደውታል።»

ሁሉንም ነገርኳት፤ ወረቀቱን፣ ኮርብሊን፣ የምረቃውን ቀን፣ የፕሬሎን ፊት። ስነግራት ብልህ ሆኖ ይታየኝ የነበረው ነገር ሁሉ አፌ ውስጥ ረከሰ። ሳታቋርጠኝ ሰማች።

«እንግዲህ ወጥመዱ ያንተ ነው፤ ሥጋው ግን እኔ ነኝ» አለች።

«ነገ አትሂጂ፣ እማ። እኔ ሌላ መንገድ—»

«እሄዳለሁ እንጂ። የምለውን እኔ አውቃለሁ። አንተ የምትለውን አንተ እወቅ።»

ካውያዋን መልሳ አነሣች።

ሜይ 5

ዛሬ ጠዋት የኮርብሊ ሠራተኛ ማስመሪያዎቼን በጋዜጣ ጠቅልሎ በረንዳዬ ላይ ጥሎ ሄደ። ከውስጡ ጠበቃው የጻፈው ደብዳቤ አለ። ገና አልከፈትኩትም።

ትናንት እንዲህ ሆነ።

ፓስተሩ ጸለዩ። ፕሬሎ ጉዳዩን አነበበ፤ «እኅት ታማር» ብሎ ጠራት፣ «እናት» ሳይል። ተነሣች። ነጩ ቀሚሷ እንደ አዲስ ሉህ ቀጥ ብሏል። ወደ ፊት ወጥታ ቆመች። አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ወደ እኔም አልዞረችም።  ክብደቷን ሁሉ ዱላዋ ላይ ስትጥል ከኋላ ይታየኝ ነበር።

«እኅት ታማር፣ እየጠበቅን ነው» አለ ፕሬሎ።

ተነሣሁ። «የሳልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ስንት ሳምንት በአፌ ያላመጥኩት ቃል ነው፤ ሲወጣ ግን የሰው ድምፅ መሰለኝ።

ጫጫታ ሆነ። ፕሬሎ ዘንጉን መታ። «ወንድም ላይሳንደር፣ እናትህን ለማዳን ብለህ ሁለተኛ ሐሰት አትጨምር!»

ረፊን ፕላኑን ከፓስተሩ ጠረጴዛ አንሥቶ ዘረጋው። «ጠይቁት» አለ። የምሥራቁ መስኮት ቁመት? ነገርኩት። የመዘምራኑ ደረጃ ስንት ነው? አሥራ አንድ። የጎን በሩ ስፋት? ጣሪያውን የሚሸከሙት ወራጆች ውፍረት? ርቀታቸው? ረፊን እየጠየቀ፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ እየመለስኩ፣ እሱ በየመልሱ «ልክ ነው» እያለ ሄድን። አንድ አልሳትኩም።  አመኑኝ።

ዞርኩ። የፕሬሎን ፊት አየሁት። ያን ያህል የጓጓሁለት ፊት! አመድ መስሏል። ግን ያፈረ ፊት አልነበረም፤ የፈራ ነበር። ቀና ብሎ ወደ ጣሪያው አየ፤ ነጮች ወደሠሩት ወደ አሮጌው ጣሪያ። ሌሎችም ተከትለውት አንጋጠጡ።

«እና... ጣሪያው ይይዛል?» አለኝ።

ከአሥር ቀን በፊት የሰገዱለት ወረቀት ነው! አንድ መስመር አልተነካ! ምን ብዬ እንደጮህኩ አላስታውስም፤ ኦዴሳ ግን ጥሩ አድርጋ ታስታውሳለች፣ የቤተ ክርስቲያን ቃል አይደለም አለችኝ። ፓስተሩ «ወንድሜ፣ ወንድሜ» እያሉ እጃቸውን ዘረጉ። ጩኸቱን ያቆመችው እማ ናት፤ ዱላዋን አንዴ ወለሉ ላይ መታች።

«እኔ ይቅርታ የምለምነው የለኝም» አለች። «እውነት ነው የተናገርኩት። ልጄ ግን አለበት። በዚህ ቤት ቆሜ ስጠይቀው ዝም አለኝ፤ እኔን ሐሰተኛ አስባለኝ። ና፣ እዚህ ቁምና ለምን።»

ሄድኩ። አዎ፣ ሄድኩ። ሥራዬን የናቁት፣ በወንድማቸው እጅ ያፈሩት እነሱ፤ ለማኙ እኔ። እናቴ በቆመችበት ቦታ ቆሜ «በድያለሁ፣ ይቅር በሉኝ» አልኩ። ስናገር ዓይኔ እሷ ላይ ብቻ ነበር፤ እሷ ግን በር የሌለውን የጎን ግድግዳ ታያለች።

ፓስተሩ «ወንድም ላይሳንደርን ይቅር የምንል እጃችንን እናንሣ» አሉ። ቀድሞ ያነሣው ፕሬሎ ነው። ሌሎቹ ተከታትለው አነሡ። ሴቶቹ «አሜን» አሉ፤ አንዳንዶቹ አለቀሱ።

እጆቹ ወርደው ሳያበቁ ፕሬሎ ሌላ ሐሳብ አቀረበ። ግንባታው ከመጀመሩ በፊት የጣሪያውን ስሌት የሚያጣራ አንድ ነጭ መሐንዲስ ከአትላንታ ይምጣ። ሌላ ዲያቆን ደገፈው። ረፊን «አሁንስ ጉድ ነው!» ብሎ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። የቀሩት እጆች እንደገና ተነሡ፤ እነዚያው እጆች፣ አሁን ይቅር ያሉኝ። ፓስተሩ ቆጠሩ፤ ሐሳቡ አለፈ።

እናቴ እጇን ለይቅርታውም ለጣሪያውም አላነሣችም።